ኮራሌ አረቄ የጀመረች ሰሞን

አልጠጣም። ጨዋታዬን በዚህ የምጀምረው ወድጄ አይደለም። ከአሰላ ሰዎች አንዱ ይህን ካነበበ፣ ገና «የዓሳ ገንዳ» የሚለው ላይ ሲደርስ «አሃ፣ ያ ሰውዬ ነው እንዴ!» ብሎ ሆዱን ይዞ እንደሚስቅ ስለማውቅ ነው። ይሳቅ፣ ማን ከለከለው። እኔ ግን ወላሂ ቢራ ቀምሼ አላውቅም፣ ጠጅም ቀምሼ አላውቅም። አረቄ... እሺ፣ አረቄ አንዴ አፌ ገብቶ ያውቃል። እሱም ቢሆን በፕላስቲክ ቱቦ የመጣ፣ ጨው ጨው የሚል፣ ከዓሳ የተረፈ ነው። እደርስበታለሁ፣ አታጣድፉኝ።

ዱባይ ሳለሁ ለዓመታት የሠራሁት የሀብታም ቤት ዓሳ ገንዳ ማጠብ ነው። ሰው ከዱባይ ሲመለስ ወርቅ ይዞ ይመጣል፣ ስልክ ይዞ ይመጣል፣ ቢያንስ ቢያንስ ያቺን ነብር የተሳለባትን ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል። እኔ ድንጋይ ይዤ መጣሁ። አሠሪዬ ሲያሰናብተኝ «ከሱቁ የወደድከውን ምረጥ» ቢለኝ ዓይኔን ሳላሽ ኮራል መረጥኩ፤ ገንዳውን፣ መብራቱን፣ ፓምፑንና የባሕር ጨው በጆንያ መረቀልኝ። እማ ሻንጣዬን ስትከፍት ጎረቤቱ ሁሉ ለማየት ተሰብስቦ ነበር። ከላስቲክ ውስጥ ውሃ የሚያንጠባጥብ ድንጋይ ሲወጣ እልልታው መሃል ላይ ቀጥ አለ። እማ ያቺን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳችልኝም።

ለማያውቅ ሰው፣ ኮራል ባሕር ውስጥ የሚኖር እንስሳ ነው። ድንጋይ ይመስላል፣ አበባም ይመስላል፣ ግን ነፍስ አለው፤ ይበላል፣ ይታመማል፣ ይኮርፋል። የኔዋ አረንጓዴ ናት፣ ሰማያዊ መብራት ሲበራባት እሷም ታበራለች። አብረዋት ነጭ ጥብጣብ ያላቸው ብርቱካናማ ዓሳዎች አሉ፣ ባልና ሚስት። ይህን ሁሉ በጭላሎ ብርድ፣ ባሕር በወሬ ብቻ በሚታወቅበት አገር፣ እማ ቤት የፊት ክፍል፣ ማለትም ስልክ የምጠግንባት ሱቄ ውስጥ ተከልኩት። «እንስሳ ናት» ስላቸው ሰዎች ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ «አብሽር፣ የዱባይ ሙቀት ከባድ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔም መከራከሩን ተውኩት።

ያመነችኝ ሙሚና ብቻ ናት። ሙሚና የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። የተሰበረ የስልክ መስታወት ልታስቀይር መጥታ ገንዳው ፊት ቆመች። ቆመች፣ ቆመች፣ ስልኩ ተሠርቶ አለቀ፣ አሁንም ቆማለች። «በየዓመቱ ስለ ባሕር አስተምራለሁ፤ ባሕር ግን አይቼ አላውቅም» አለችኝ ዞር ሳትል። እኔ እዚያው አለቀልኝ። ከዚያ ወዲያ የሙሚና ስልክ በየሳምንቱ ይበላሽ ጀመር። አንዱን ሳምንት ቻርጅ አልይዝም ይላል፣ በሌላው ድምፁ ይጠፋል፤ እኔም ጤነኛውን ስልክ እየፈታሁ እገጥማለሁ። በመጨረሻ ነገሩ ለስልኩም ለኛም ስላልበጀ ሽማግሌ ላክሁ።

አባቷ ሐጂ አማን የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው። አንዲት የስንዴ ፍሬ በጥርሳቸው ሰበር አድርገው የየት ማሳ እንደሆነች ይናገራሉ ይባላል። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ስለ ሀብቴ አልጠየቁም፤ ጎሳዬንም ከኔ የበለጠ ያውቁታል። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «ይጠጣል?»

ምክንያት አላቸው። የመጀመሪያ ልጃቸውን ዴራ ድረው ነበር፤ ሰውየው ጠጪ ሆኖ ተገኘና ልጅቱ ልብሷን በማዳበሪያ ጠቅጥቃ አባቷ ቤት ተመለሰች። ሐጂ ያን ማዳበሪያ ሲያዩ አለቀሱ ይባላል። ሽማግሌዎቼ ታዲያ በአንድ ድምፅ «ኧረ ሐጂ! ይህ ልጅ ለስላሳ እንኳ የሚጠጣው ግራ ቀኝ አይቶ ነው!» አሉልኝ። ይህ ምስክርነት በምን እንደሚጠቅመኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሐጂ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «መልካም። አንድ ቀን ሳልጠራ እመጣና ቤቱን በዓይኔ አያለሁ። ቃሌን የምሰጠው ያኔ ነው» አሉ።

ሙሚና ደወለችልኝ። «አደራህን፣ ኮራሏን አሳምርልኝ። አባባ ‹ልጄ ድንጋይ ለማየት ነው እንዴ ስልክ የምትሰብረው?› እያለ ነው። ሲመጣ ስታበራ ይያት።»

ይህን ባለችኝ በሳምንቱ ኮራሏ ቡናማ ሆነች። ያ የሚያበራው አረንጓዴ ጠፍቶ ብዙ የታጠበ ካኪ ሱሪ መሰለች። የገንዳው መስታወት ላይ ዝልግልግ ነገር ወጣ፣ አሸዋው ጸጉር አበቀለ። ውሃውን ብመረምረው ናይትሬቱ አይጣል ነው፤ ናይትሬት ማለት ከምግብ ትራፊና ከዓሳ ኩስ የሚመጣ ቆሻሻ ነው። ግራ ገባኝ፤ ዓሳዎቹን የማበላው በቁንጥር፣ ለዚያውም በስስት ነው። ውሃ ብቀይር በሦስተኛው ቀን መልሶ ያው ሆነ።

ዱባይ ወደቀረው ጓደኛዬ ደወልኩ። ሱሌ ይባላል፣ የሐረር ልጅ ነው፣ እስከ ዛሬ ገንዳ ያጥባል።

«ካርቦን ስጣት» አለኝ።

«ከሰል ልጨምርባት?»

«ከሰል አይደለም አንተ! አልኮል። ቮድካ። ውሃው ውስጥ ባክቴሪያ አለ አይደል? አልኮሉን ሲጠጣ ይበረታና ይራባል፤ ሲራባ ናይትሬቱን ይበላልሃል። ከዚያ ያቺ አረፋ የምታወጣው ማሽንህ ባክቴሪያውን ራሱን ሰብስባ ታወጣዋለች።»

«ስለዚህ አጠጥቼ ቤት አስጠርጌ፣ ሲጨርስ አባርረዋለሁ ማለት ነው።»

«እንደዚያ በለው። ግን ስማኝ፣ በጠብታ ነው! በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመርክ። ካበዛኸው ባክቴሪያው አየሩን ሁሉ ይጨርስና ዓሳዎቹ ይታፈናሉ። ካልሆነ ደግሞ ሌላም አለ...» ሲል መስመሩ ተቋረጠ። ካርዱ የማን እንዳለቀ አላጣራሁም። ሌላም አለ ያለውን ነገር ግን ደውዬ አለመጠየቄ ያስከፈለኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን እስቲ ፍረዱኝ። አሰላ ተወልጄ፣ አሰላ ቁርዓን ቀርቼ፣ እማ «የኔ ልጅ መስጊድና ሱቅ ብቻ ነው የሚያውቀው» እያለች ስታሞግሰኝ ኖራ፣ ግሮሰሪ ገብቼ «ቮድካ ስጡኝ» ልበል? ባለግሮሰሪው ራሱ ሰው ጠርቶ ያስገስጸኛል። አዳማ ሄጄ ልግዛ ብልም፣ አዳማ ውስጥ ዘመድ የማያገኘው የአርሲ ሰው የለም። ሳስብ ሳስብ እትዬ አስናቀች ትዝ አሉኝ።

እትዬ አስናቀች ጎረቤታችን ናቸው። ቅድመ አያታቸው ከሰሜን መጥተው እዚህ የሰፈሩ፣ ኦሮምኛ ሲናገሩ ማንም የማይለያቸው፣ አረቄ አውጥተው የሚሸጡ ሴት ናቸው። በልጅነቴ ጆሮዬን የጎተቱት ብዛት ቢቆጠር ዛሬ የሚሰማ ጆሮ ባልኖረኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።

«እትዬ፣ ትንሽ አረቄ ፈልጌ ነበር።»

እጃቸው ላይ የነበረው ጣሳ ቀስ ብሎ ወረደ። «ለምን?»

«ለኮራሌ። ታማብኝ ነው።»

«እኮ፣ ለኮራል።» ጣሳውን አስቀምጠው በደንብ አዩኝ። «የኔ ልጅ፣ እዚህ ግቢ ለራሴ ብሎ የመጣ ሰው የለም። ለጉንፋን የሚል አለ። ለፍየሏ ሆድ የሚል አለ። አንዱ በየማታው ጥርሴን አሞኝ ነው ይለኛል፣ ጥርስ የሚባል የለውም። ለድንጋይ ሲባል ግን ዛሬ ገና መስማቴ ነው። ጎበዝ! ዱባይ አስተምራሃለች!»

ምዬ ተገዝቼ አስረዳኋቸው። አንድም ቃል አላመኑኝም፣ ግን አንድ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሞልተው በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ። መቼም ከእትዬ አስናቀች ግቢ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ሲወጣ ወተት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አሰላ ውስጥ አልተወለደም። በሩን ከፍቼ ስወጣ ደግሞ ዙህር ሰግዶ የሚመለሰው ሰው ሁሉ መንገዱን ሞልቶት አገኘሁት። ጠርሙሱን በኮቴ ሸፍኜ «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ። መንገዱ በሙሉ መለሰልኝ፤ ዓይኑ ግን ኮቴ ላይ ነበር።

አገሩ የሯጭ አገር ነው፣ ወሬውም ልምምድ አያጣም። ሳምንት ሳይሞላው አርቦዬ ያለች አክስቴ ደውላ እማን «አብሽሪ፣ የኔ ጎረቤት ልጅም ጀምሮ ትቶታል» አለቻት። ከጢቾ የመጣ ደንበኛ ስልኩን ሲሰጠኝ ጠጋ ብሎ አሸተተኝ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ መርፌው ነው። አረቄውን በጠብታ ለመለካት ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ገዝቼ ነበር። «በአፉ መጠጣቱንስ ትቶታል፣ አሁን በመርፌ ነው» ተባለ። ጓደኞቼ እጅጌዬን በጨዋታ አስመስለው ሰብሰብ ያደርጉና ክንዴን ያያሉ።

ኮራሏ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ላይ ተሻላት። በየማለዳው ጠብ አደርግላታለሁ፤ ውሃው ጠራ፣ ጫፎቿ አረንጓዴ ማለት ጀመሩ። እትዬ አስናቀች ሳይቀሩ «ደንበኛዬን ልያት እስቲ» ብለው መጡ። መስታወቱ ላይ ተደግፈው ጥቂት አዩዋት። «ታድላ፣ ጠጥታ አትሳደብ፣ ጠጥታ አትወድቅ። ምነው ሁሉም እንደ አንቺ በሆነልኝ» አሏትና ወጡ።

ከዚያ ግን ባለችበት ቆመች። የምጨምረውን ብጨምር ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ይመጣል። በዚህ መሃል ሙሚና ደወለች። ድምፅዋ ተሰብሯል።

«አባባ ሰማ። እየጠጣህ ነው?»

«እኔ አይደለሁም። ኮራሏ ናት።»

«እኔ አምንሃለሁ። ይህን ግን ለአባባ እንዳትለው፣ በአላህ» አለችኝ። «በዚህ ሳምንት ይመጣል። እኔ መጀመሪያ እንዳየኋት ቀን የምታበራ ከሆነ መድኃኒት ነው የሰጠኋት ብትለው ሊሰማህ ይችላል። ቡናማ ሆና ካገኛት ግን... አረቄው የት ገባ ይላል።»

ፈራሁ። የምሬን ነው፣ ሙሚናን ላጣት ነው አልኩ። ፍርሃት ደግሞ ልኬት አያውቅም። «በጠብታ!» ያለው ሱሌ ጠፍቶኝ አይደለም፤ በጠብታ ይህን ያህል ከተሻላት በማንኪያ ምን ልትሆን ነው ብዬ ነው። ሲሪንጁን ትቼ የሾርባ ማንኪያ አነሳሁ። ለአንድ ሳምንት የሚሆነውን በአንድ ጊዜ አጠጣኋት።

በነጋታው ጠዋት ሱቁን ስከፍት ገንዳው ውስጥ ወተት አለ። ኮራል የለ፣ ዓሳ የለ፣ ነጭ ወተት ብቻ። ጠጋ ብዬ ሳይ ባልና ሚስቱ ዓሳዎች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ እየዘጉ ነው። ባክቴሪያው ሰክሮ፣ ተራብቶ፣ አየሩን ጨርሶታል። ፓምፑን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። ይኼኔ መብራት ጠፋ።

የሆነ ውሃ ላውጣና በአዲስ ልተካ ብዬ ቱቦ ነክሬ በአፌ ሳብኩ፤ የሳብኩት ትንፋሽ ረዝሞ ኖሮ ውሃው አፌን ሞልቶ መጣ። ያቺ ናት እንግዲህ የቀመስኳት። ስተፋት ሸሚዜን አራስኩ። ቱቦውን ለመያዝ ስንደፋደፍ ማንኪያውን ከነትራፊው እጅጌዬ ላይ ደፋሁት። ዓይኔ ውስጥ ጨው ገባ። ከዚያ ቱቦውን ገልብጬ በአፌ አየር እነፋላቸው ጀመር። ተንበርክኬ እነፋለሁ፣ እነፋለሁ፣ ዓሳዎቹ ትንሽ ነቃ ይላሉ፤ እኔ ግን ግድግዳው ይዞርብኝ ጀመር።

«አሰላሙ አለይኩም።»

ቱቦውን ሳላወጣ መለስኩ። ሰላምታዬ ገንዳው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ብሎ ወጣ። ዞር ስል ሐጂ አማን በሩ ላይ ቆመዋል፤ ከጎናቸው ወዳጃቸው ኦቦ ቱፋ። ለአክብሮት ተነሳሁ፣ ማዞሩ ሳይለቀኝ። ወደ ግራ ሄድኩ፣ ወደ ቀኝ ተመለስኩ፣ በመጨረሻ የስልክ ማሳያው ሳጥን ያዘኝ። ዓይኔ ደም ለብሷል፣ ሸሚዜ ርሷል፣ ክፍሉ የእትዬ አስናቀችን ጓዳ ይሸታል።

«ያ ረቢ!» አሉ ሐጂ። «ገና በጠዋቱ?»

«ሐጂ፣ እኔ አይደለሁም። እሱ ነው የጠጣው።»

«ማን?»

«ባክቴሪያው። በዓይን አይታይም። ውሃው ውስጥ ሞልቷል። ቤት እንዲጠርግ ነበር የማጠጣው፣ ትናንት በዛበትና አየሩን ጨረሰው።»

ሐጂ ቀስ ብለው ወደ ኦቦ ቱፋ ዞሩ። «የዴራውም እንዲሁ የማይታይ ነገር ይታየው ነበር» አሉ።

ይህን ጊዜ እትዬ አስናቀች ድምፅ ሰምተው ከች አሉ። ሊያድኑኝ ነው የመጡት፣ እግዜር ይስጣቸው። «ሐጂ! በሚካኤል ይዤዎታለሁ፣ ይህ ልጅ አይጠጣም!»

«አረቄውን ማን ሸጠለት?»

«እኔ!»

«ታዲያ ካልጠጣው ምን ያደርገዋል?»

«ኧረ በሲሪንጅ ነው የሚሰጠው!»

«በሲሪንጅ!» ሐጂ ግድግዳውን ያዙ። ኦቦ ቱፋ ክንዴን አየ። እኔ ሙሚናን፣ ያንን ማዳበሪያ፣ ሽማግሌዎቼን አንድ ላይ አየኋቸው፤ አለቀልኝ አልኩ። በዚያው ቅጽበት ከዓሳዎቹ አንዷ፣ ሚስትየዋ፣ በጎኗ ተኛች።

ከዚህ በኋላ የተናገርኩትን አስቤ አልተናገርኩትም። «ሐጂ፣ ይስደቡኝ፣ ልጅዎንም ይከልክሉኝ። ግን እባክዎ፣ መጀመሪያ ውሃውን አብረን እያነሳን እንመልሰው። እየሞቱ ነው» አልኩና እንባዬ መጣ። ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩ። ያቺ ትንሽ አፍ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች።

«ነፍስ ናት» አሉ። ቀና ብለው «ቱፋ፣ ኮትህን አውልቅ» አሉት።

እንግዲህ የዚያን ቀን የኛን ቤት ያየ ሰው ምን ብሎ እንዳወራ ለእናንተ ልተወው። ሐጂ አማን እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው በጆግ ውሃ ይቀዳሉ፣ ከፍ አድርገው እህል እንደሚያበጥር ሰው ይለቁታል። ኦቦ ቱፋ በማንቆርቆሪያ። እትዬ አስናቀች በሽሮ ድስት። እማ ከጓዳ ስትወጣ ማንንም ምንም ሳትጠይቅ ጣሳ ይዛ ተሰለፈች። «ከፍ አድርጉት! ከፍ! አየር ይያዝ!» እያልኩ የእህል ነጋዴውን አዛለሁ። «አንተ ልጅ፣ አትጩህብኝ» ይሉኛል፣ ግን ከፍ ያደርጉታል። ምንጣፉ ረጠበ፣ የጠገንኳቸው ስልኮች ረጠቡ። መብራት መጥቶ ፓምፑ ጉርር ሲል ክንዳችን አልቆ ነበር። ሚስትየዋ ቀና አለች፣ አንድ ዙር ዋኘችና ባሏን ነከሰችው። ኮራሏም ከወተቱ ውስጥ ብቅ አለች፤ ተሸማቃለች እንጂ አልሞተችም።

ሐጂ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ፊታቸውን በእጅጌያቸው ሊጠርጉ ሲሉ ደነገጡ። እጅጌያቸውን አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ።

«ቱፋ! እኔም አረቄ አረቄ እሸታለሁ!»

ኦቦ ቱፋ የራሱን አሸተተ። «እኔም።»

«አሁን ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ ምን እላታለሁ?»

«ለዓሳ ነው በላት» አለ ኦቦ ቱፋ። እትዬ አስናቀች ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት።

ሐጂ አልሳቁም። ከእጅጌያቸው ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «ጠርሙሱን አምጣው» አሉ። ከገንዳው ሥር አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን አነሱት። አንድ ወር ያለፈው ጠርሙስ ነው፣ የጎደለው ግን አንገቱ ብቻ ነው። «የዴራው ቤት ስንት ጠርሙስ አይቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።» ጠርሙሱን አስቀመጡት። «ይህቺ ድንጋይ ግን ለምን አረቄ አስፈለጋት?»

«ውሃዋ ስለቆሸሸ ነው።»

«ምን አቆሸሸው?»

«እሱን ነው ሐጂ ያላወቅኩት። እኔ የምሰጣቸው በቁንጥር ነው...»

«እኔ ነኝ» አለች እማ። ሁላችንም ዞርን። ጣሳዋን ደረቷ ላይ ይዛለች። «ታዲያ ምን ላድርግ? እሱ በቁንጥር ይሰጣቸዋል፣ ሰው መጥቶ ያያቸዋል፣ ከስተዋል። ቤቴ ያለ ነፍስ ሲራብ እያየሁ ዝም ልበል? እሱ ወደ መስጊድ ሲወጣ ጭኮ እጥልላቸዋለሁ።»

«ጭኮ!» ጮህኩ። ገብስና ቅቤ! ባሕሬ ውስጥ ቅቤ! ለካ እኔ በፊት ለፊት አረቄ ሳጠጣ እማ በጀርባ ጭኮ ታጎርስልኛለች። ሱሌ ይህን ቢሰማ ከዱባይ በእግሩ ነበር የሚመጣው።

«ይበሉታል?» አሉ ሐጂ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ ብሎ።

«ይወዱታል! ቅቤው የነጠረ ነው።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዓሳ የሚራብበት ቤት እንዳልሆነስ አየሁ። ስማኝ ልጄ። አንተ አትጠጣም፣ አምኛለሁ። ሙሚናን እሰጥሃለሁ።» ልዘል ስል እጃቸውን አነሱ። «ቆይ። አንተ አትጠጣም፤ ይህቺ ግን ትጠጣለች። ከሚጠጣ ጋር ሁለተኛ ልጅ አንድ ቤት አላስገባም። ወይ ታቆማለች፣ ወይ ትወጣለች።»

ሙሚና እኔን የወደደችኝ በማን በኩል እንደሆነ ስለማውቅ ላብ አጠመቀኝ። ኮራሏ ከወጣች እኔ ምን ይዤ ነው የምቀረው? ኦቦ ቱፋ ግን ትልቅ ሰው ነው፣ ነገር አይቶ አያልፍም። እርጥብ ኮቱን አስተካክሎ ተነሳና ኮራሏን ወክሎ ቆመ። «ሐጂ፣ ወድዳ አይደለም፣ አስለምደዋት ነው። እኔ ዋስ እሆናታለሁ፣ ትተዋለች» አለ። ሐጂ አሰቡበት። «በዋስ ይሁን» አሉና ከገንዳው ፊት ዱዓ ተደረገ።

ሰዎቹ ገና ከበር ሳይርቁ ሱሌ ጋ ደወልኩ፤ ያለ አልኮል የምትድንበት መንገድ ካለ ብዬ። «ያኔ ስነግርህ መስመሩ ተቋረጠ እንጂ!» አለኝ። «አቼቶም ይሆናል። አንድ ናቸው፣ በጠብታ እስከሆነ ድረስ።» አቼቶ! እማ ሰላጣ ላይ የምታደርገው፣ ወጥ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ከተወለድኩ ጀምሮ የተቀመጠው አቼቶ! ስልኩን ዘግቼ ግንባሬን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ።

አሁን ሙሚና እዚህ ናት። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣቷ በፊት አቼቶውን በሲሪንጅ የምትሰጣት እሷ ናት፤ የጭኮው ሣጥን ቁልፍም ያለው እሷ ጋ ነው። ኮራሏ አረንጓዴዋን መልሳ ሁለት ልጅ ወልዳለች። ሐጂ አማን በየጁምዓው ሰግደው ሲመለሱ ይጎበኙናል። ወንበር ሳቡልኝ አይሉም፣ ልጃቸውን አይጠሩም። መጀመሪያ ጎንበስ ብለው ገንዳውን ያሸታሉ፤ እኔን የሚሰላሙኝ ከዚያ በኋላ ነው።